የዋንዛው ነብሮች

እንጨቱ ከቡሬ ገጠር ፍኖተ ሰላም የገባው የአልጋ እግር ተብሎ ነው። ኬላ ላይ ማዳበሪያውን ፈትተው ያዩት ሰዎች ምን ዓይነት አልጋ እንደሆነ ጠይቀው ነበር። ያመጣው ቢያድግልኝ፣ የጥንት አልጋ ነው፣ ሦስቱ እግሮች ቤት ቀርተዋል ብሎ መለሰ። ብረቱን አላመጣውም። ብረቱ እናቱ ቤት ቆጥ ላይ የውሃ ቧንቧ መስሎ ተቀምጧል። ጊዜው እንዲህ ነው፤ ጠመንጃ ለሁለት ሲከፈል አንዱ እንጨት፣ አንዱ ቧንቧ ይሆናል።

ሲገጣጠምም ቢሆን የሚተኩስ አልነበረም። ባሩድና እርሳሱን በአፈሙዙ ጎርሶ፣ በዘንግ ተጠቅጥቆ የሚተኮስ የድሮ ነፍጥ ነው፤ ከጎረሰ ስንት ዘመኑ። ነገር ግን የቢያድግልኝ አባት አቶ ቸኮለ ከሞቱ እሑድ ዓመት ይሞላቸዋል። በሙት ዓመቱ ልጅየው ነፍጡን ይዞ በሁለት ደብር ሰው ፊት መፎከር አለበት። የሰደፉ አንገት ደግሞ ተሰንጥቆ፣ በጠፍር ተጠፍሮ፣ ወጌሻ ያሰረው እግር መስሏል።

የተቀበለው አናጢ ስመኘው ይባላል። አልጋ፣ በርና የሬሳ ሳጥን ይሠራል። የሳጥኑን ልስላሴ ሰው ሁሉ ያመሰግንለታል፣ ከሚተኛበት በቀር። ቢያድግልኝ እዚያው ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ሰኞ ዕለት እንጨቱን አስረክቦ፣ እንደ አዲስ አድርገው፣ ፐርፌክት ይሁን ብሎ ሄደ።

ስመኘው ቃሉን ጠበቀ። ጠፍሩን ፈታ፣ ስንጥቁን ኮላ አጠጣ፣ ከወይራ የጠረበውን ሁለት የእንጨት ሚስማር አስገባበት፣ በገመድ ወጥሮ አሳደረው። ማክሰኞ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው። ዋንዛ ነው፤ ከጥቀርሻውና ከእጅ ቅባቱ ሥር ማር የመሰለ ቀለም ወጣ። ከሰደፉ በላይ፣ ብረቱን በሚያቅፈው ረጅም እንጨት ላይ፣ አግድም የተጫሩ ነገሮች ነበሩ። የአይጥ ወይም የሥራ ፈት ሥራ ነው ብሎ እነሱንም ፈተጋቸው። ትንሽ ጠልቀው ስለነበር ወረቀት ቀየረላቸው።

ረቡዕ ቢያድግልኝ ደወለ። ስለ ኮላው ጠየቀ፣ ስለ ቀለሙ ጠየቀ፣ በመጨረሻ፣ "ነብሮቹን አደራ" አለ።

"የምን ነብር?"

"ጭረቶቹ ናቸዋ። አያቴ የገደሏቸው። እሑድ አንድ በአንድ እየጠራሁ ነው የምፎክረው።"

ስመኘው እንጨቱን አየው። እንጨቱ እንደ ሳጥን ክዳን ለስልሷል።

"በቦታቸው አሉ" አለ።

ጨርሶ ውሸት አልነበረም። ነብሮቹ እዚያው ቤት ውስጥ ነበሩ፣ ዱቄት ሆነው። ስመኘው መጥረጊያ አነሣ፣ ሳይጠርግ አስቀመጠው። ተቀመጠ፣ ተነሣ። ደጅ ወጥቶ ባጃጆቹን አየ፣ ተመልሶ ገባ። መልሶ መጫሩ ቀላል ነው፤ አንድ መሮና አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ስንት እንደነበሩ ግን አልቆጠረም። አምስት ይመስሉታል፤ ዓይኑን ሲጨፍን ስምንት ይሆናሉ። አሉ ያለ ሰው ደግሞ ስንት ነበሩ ብሎ አይጠይቅም።

ስለዚህ ቁጥሩን በዘዴ ሊያወጣጣ አሰበ። መልሶ ደወለና ነብሮቹን በጥቁር ቀለም ላጉላቸው ወይ አለ። ቢያድግልኝ ደስ አለው፣ ሰባቱንም አጉላቸው አለ። ወዲያው ደግሞ፣ ሰባት ይመስሉኛል፣ አንተ እፊትህ ናቸው አይደል፣ ቁጠራቸው ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ስመኘው ቡሬ ወዳለው ወደ አያ እጅጉ ደወለ። እጅጉ የሟቹ ወንድም ነው። ኔትወርኩ አራት ጊዜ እምቢ አለ። በአምስተኛው ስለ ዋንዛው ዕድሜ ጠይቆ ነገሩን ወደ ነብሮቹ አዞረው። እጅጉ አስራ አንድ ናቸው አለ። ትንሽ አሰበና አንዱ አንበሳ ነው፣ አንበሳን ከነብር ደርቦ መቁጠር ነውር ነው ሲል አረመው።

ሐሙስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ለሙት ዓመቱ ቅኔ እንዲያወርዱ የተለመኑት መሪጌታ ገብረ ሕይወት ዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። ስመኘው ጉልበት ስሞ፣ ስለ ቅኔው ደኅንነት ጠየቃቸው። መሪጌታ ዘጠኝ ነብር አስገብቻለሁ አሉ። ባይሆኑስ፣ ቢያንሱስ አለ። "በዘጠኝ ነው የቆመው" አሉት። "አንዱን ብትነቅል ቤቱ ይፈርሳል። አንተ አናጢ ነህ፣ ይገባሃል።"

ተመልሶ መሮውን ሳለ። አንዴ ሰባት ሊጭር፣ አንዴ ለየኔታ ሲል ዘጠኝ ሊጭር እንጨቱ ላይ አጎነበሰ። ግን ሌላ ነገር ትዝ እያለው እጁ ተያዘ። ሰው የገደለውን ሲቆጥር ጭረቱን አጠገብ ላጠገብ ያደርጋል። እነዚያ ግን እንደ መሰላል ተራርቀው ወደ ላይ ይወጡ ነበር፤ ከታች ሰፋ፣ ወደ ላይ ጠበብ እያሉ። እንዲህ ተራርቆ የሚሞት ነብር አያውቅም።

ዓርብ ረፋድ ላይ የሟቹ ባለቤት እማዋይሽ በጋሪ መጡ። አሮጊት የተሸከመችውን ማንም አይፈታም ተብሎ እንጨቱን የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። ስመኘው በርጩማ አቀረበላቸው፣ ስለ መንገዱ ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ ስለ ጋሪው ፈረስ ጤንነትም ጠየቀ። ሌላ የሚጠየቅ ሲያጣ እንጨቱን ሰጣቸው።

እማዋይሽ አልተቀመጡም። ሰደፉን መሬት አስረግጠው እንጨቱን ከጎናቸው አቆሙት። መዳፋቸውን ከላይ ወደ ታች አወረዱ። እንደገና ከታች ወደ ላይ አወጡ።

"የት ሄዱ?"

"ፈተግኋቸው፣ እማማ። ጭረት መስለውኝ።"

"ጭረትማ ናቸው።"

"ለልጅዎ ግን አሉ ብዬዋለሁ። እሑድ ነብር አጥቶ በሰው ፊት ሊቆም ነው።"

"ስንት ነው የሚለው እሱ?"

"ሰባት። አያ እጅጉ አስር ነብርና አንድ አንበሳ። የኔታ ዘጠኝ።"

እማዋይሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ስመኘው የሚያለቅሱ መስሎት አንገቱን ደፋ። የሚስቁት ቆይቶ ነው የገባው።

ነብር የሚባል ነገር አልነበረም። እማዋይሽ ከቢያድግልኝ በፊት ሦስት ልጆች ቀብረዋል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ልጁ በእግሩ የቆመ ዓመት፣ በመስቀል ዕለት፣ ቸኮለ ነፍጡን ከግድግዳ አውርደው አጠገቡ አቆሙና በአናቱ ትይዩ በቢላ ጫሩ። ከዚያ ወዲህ በየመስቀሉ። የቸኮለ እናት ግን ሕያው ሰው ሲለካ አይወዱም፤ ሰው የሚለካው ለሳጥን ነው ይሉ ነበር። ስመኘው እዚህ ላይ ሜትሩን ወደ ኪሱ ከተተ። አንድ ቀን አሮጊቷ ጭረቱን በጣታቸው አግኝተው ምንድን ነው ሲሉ፣ ቸኮለ ደነገጡና አባቴ የገደሏቸው ነብሮች ናቸው አሉ።

"አማቴ፣ ባሌ ነብር ገድሎ ሳይነግረኝ ሞተ ብለው እንደ አዲስ አለቀሱለት" አሉ እማዋይሽ። "ዓይናቸው ፈዟል፣ ሲጨመር አያዩም። በጣታቸው ባገኙት ቁጥር ለጎረቤት ያወራሉ። ሟቹ ባላቸው በየዓመቱ አንድ ነብር ይጥሉ ነበር።"

"ለልጅዎስ ለምን አልነገሩትም?"

"በአምስት ዓመቱ ይፎክርበት ጀመር። በገዛ ቁመቱ ሲፎክር ማን ያስቁመው? አባቱም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። እንዲህ ስንስቅ ትልቅ ሰው ሆነ። በል መሮህን አምጣ።"

ከዚያ ቀና ብለው ቆሙና ቅር አላቸው። ያኔ እንዲህ አላጠርሁም ብለው ከእግራቸው ሥር ጣውላ እንዲያስገባላቸው አዘዙ። አንድ አስገባ። ሌላ ቀጭን አስደረቡት። እንጨቱን ወደ ሰውነታቸው አስጠግተው ጣታቸውን ጭናቸው ላይኛው ጫፍ ላይ አኖሩ፤ የመጀመሪያው ዓመት። ሁለተኛው ዳሌ ላይ። ሦስተኛው ከሁለተኛው ብዙም አልራቀም፤ ኩፍኝ የያዘው ዓመት ነው። አራተኛው መቀነት ሥር፣ አምስተኛው መቀነት ላይ፣ ስድስተኛው ጡት ሥር። ስመኘው በእርሳስ እየተከተለ ምልክት አደረገ። በሕይወቱ ብዙ ሰው ለክቷል፤ እንዲህ ቆሞ የተለካለት ግን የለም።

"ሰባተኛውስ?"

"በሰባተኛው መስቀል ቡሬ ከተማ ነበረ፤ እጅጉ ለትምህርት ወስዶት። አባቱ ግን ነፍጡን አወረደው። ይመጣ ይሆናል ብሎ እስኪመሽ ይዞት ደጅ ቆመ። ከዚያ መልሶ ሰቀለው።"

ስመኘው ስድስቱን ጫረ። አዲስነታቸው እንዳያጋልጠው ጥቀርሻ በሰምና በተልባ ዘይት ለውሶ አሸባቸው፤ እንጨቱንም ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚያው ቀባው። ማብራቱ ቀነሰ። እጁን ጠርጎ ሳይጨርስ ቢያድግልኝ ለምሳ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ደረሰ። እናቱን ሳመ። ሰደፉን መሬት አስረግጦ እንጨቱን አቆመ፣ አገላበጠ፣ ፐርፌክት አለ። ከዚያ በጣቱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።

"ስድስት ናቸው። ሰባት አልነበሩም እንዴ?"

ስመኘው አፉን ከፈተ። እማዋይሽ ቀደሙት።

"ሰባተኛው አመለጠ።"

"ወዴት?"

"ወደ ቡሬ።"

ቢያድግልኝ አሰበበት። የመጨረሻው ጭረት ከቀበቶው ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። ያመለጠ ነብር ለፉከራ ያምራል አለ፤ አያቴ ዝም ብለው ነው የለቀቁት ወይ ብሎም ጠየቀ።

"የት ይለቀዋል? አባትህ መሣሪያውን ይዞ እስኪመሽ ደጅ ቆሞ ጠብቆታል።"

"አያቴን ለማለት ነው?"

"አዎ፣ አያትህ" አሉ እማዋይሽና ማዳበሪያውን አፉን ከፍቶ እንዲይዝላቸው ሰጡት።