አሥራ ሁለተኛው ሳህን

«መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ ሳህን» አሉ እማማ ጭልፋ ከማድ ቤቱ መስኮት ውስጥ ሆነው። «ቀጣይ።»

ሁለት ትናንሽ መዳፎች በመስኮቱ ገቡ። እማማ ጭልፋ አገላብጠው አዩአቸው፤ ጥፍሮቹ ሥር ጭቃ ስላገኙ ወደ ቧንቧው መለሷቸው። ቀጥለው የመጡት እጆች ንጹሕ ነበሩ፤ አንደኛው ላይ በእስክሪብቶ የእጅ ሰዓት ተስሎበታል። እንቁላልና ሁለት ቁራሽ ዳቦ ሰጧቸው። የልጆቹ ሰልፍ ከመስኮቱ ተነሥቶ፣ በረንዳውን ይዞ፣ እስከ ግቢው ቧንቧ ይደርሳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያለቅስ የከረመው ሰማይ ለሦስቱ ቀን በዓል ሲል ታርቆ፣ ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ግድግዳውን አሙቃለች።

እማማ ጭልፋ ሃያ ሰባት ዓመት የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቹ ናቸው፤ የሰፈሩም ሰው ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ጠርቷቸው አያውቅም። ጡረታ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሊሸልማቸው አስቦ ነበር። «ሰዓትስ አለኝ፤ ሃያ ሳህን ስጡኝ» ብለው የቆርቆሮ ሳህን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ገቡ። ሳህኖቹ አራት ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልለው ተቀምጠው ከርመዋል። ዛሬ ወርደዋል።

በዚያ ሁሉ ዘመን ልጆቹን የሚያበሉት በአንዲት ጠባብ መስኮት ነበር። መስኮቷ እጅና ሳህን ታሳልፋለች እንጂ ፊት አታሳይም። ስለዚህ እማማ ጭልፋ ልጅን የሚያውቁት በእጁ ነው፤ የሚቆጥሩትም በሳህን ነው። ተሰልፎ የመጣን ልጅ የማን ነህ ብለው ጠይቀው አያውቁም። እጁ ከታጠበ ይበላል፤ አለቀ።

ትልቁ ልጃቸው ሻይ ሊቀዳ ማድ ቤት ገባ። የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው። ደረጃ ሲያይ መውደቅ፣ ምድጃ ሲያይ ቃጠሎ ነው የሚታየው።

«እማዬ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? እኛ እንሠራው ነበር።»

«የደከመው የለም። አሥራ ሁለት ሳህን ሰጥቼ ጨርሻለሁ።»

«አሥራ አንድ ማለትሽ ነው።»

«አሥራ ሁለት።»

ልጅየው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ልጆቹ እኮ አሥራ አንድ ናቸው። አራት የኔ፣ ሦስት የእህቴ፣ ታናሽዬው ደግሞ የራሱን ሁለትና የሚስቱን የእህት ልጆች ሁለት ይዞ መጣ። ድምሩ አሥራ አንድ።» በጣቱ እየቆጠረ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ እያለ ነበር የሚናገረው። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ባልና ሚስት ተያዩ።

እማማ ጭልፋ አተያያቸውን አዩ፤ ትርጉሙም አልጠፋቸውም። ልጃቸው ከመምጣቱ በፊት በስልክ ነግሯቸዋል። ቤቱ ይከራያል። እሳቸው እሱ ወደሚኖርበት ከተማ ሄደው አራተኛ ፎቅ ላይ ከእሱ ቤተሰብ ጋር ይኖራሉ። ክፍሉ ተዘጋጅቷል፤ መጋረጃው ሳይቀር ተሰቅሏል። የመኪናው ኋላ ላይ ደግሞ ታጥፈው የመጡ ትልልቅ ካርቶኖችና አንድ ጥቅል ፕላስተር አሉ። «እንዲያው ለማንኛውም» ብሎ ነው ያመጣቸው።

«ለአንቺው ብዬ ነው» አለ አሁን። «ብቻሽን ነሽ። አንድ ቀን እሳት ረስተሽ...»

«እሳት ረስቼ አውቃለሁ?»

«አታውቂም። ግን ይኸው፣ ቁጥር ላይ ተሳሳትሽ።»

እማማ ጭልፋ መጥበሻውን ወደ ገንዳው ከተቱት። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ይቀል ነበር። «በዓሉ ይለፍና እንነጋገራለን» አሉት።

ረፋዱ ላይ ልጆቹ ካርቶኖቹን ከመኪናው ኋላ እየጎተቱ መጡ።

«አያቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለች የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ።

እማማ ጭልፋ ካርቶኖቹን አዩ። ትልቁ የክረምት ብርድ ልብሶቻቸውን፣ መካከለኛው ድስቶቻቸውን፣ ትንሹ ደግሞ የባላቸውን ፎቶዎች ለመያዝ የተመረጠ ነበር። «አውቶቡስ ነው» አሉ። «ፕላስተሩም እዚያው አለ። ሂዱና ሥሩት።»

እስከ ምሳ ድረስ አውቶቡሱ ተሠርቶ፣ መስኮት ወጥቶለት፣ ሾፌር ለመሆን ሁለት ጊዜ ተለቅሶበት ነበር። ትልቁ ልጃቸው ከበረንዳው ላይ ሆኖ ሲያየው አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ነገር ግን የመጨረሻ ልጁ፣ የአራት ዓመቷ ድንቡሼ፣ ከካርቶኑ ውስጥ እጇን እያወዛወዘች «ቻው አባዬ» ስትለው አፉን መልሶ ከደነው።

ለምሳ የተሠራው ማካሮኒ አሥራ ሁለት ሳህን ወጣ። እማማ ጭልፋ ቆጠሩ። እራት ላይ ሳህኑ አሥራ አንድ ሆነ።

ያኔ ነው የፈሩት። የታጠቡትን ሳህኖች እንደገና ቆጠሩ፤ ያው አሥራ አንድ ነው። አራት መቶ ተማሪ ሲያበሉ አንድ ሳህን ጎድሎባቸው አያውቅም ነበር። አሁን ለደርዘን ላልሞላ ልጅ ቁርስ ላይ አንድ ቁጥር፣ እራት ላይ ሌላ ቁጥር ይመጣባቸዋል። ልጄ እውነቱን ይሆን? አእምሮዬ እንዲህ ቀስ እያለ ነው የሚከዳኝ? ለማንም ሳይናገሩ ምድጃው መጥፋቱን ሦስት ጊዜ አይተው ተኙ።

በማግስቱ እሁድ ፀሐይዋ ከትናንቱ ብሳ ወጣች። ሁሉም ሐይቅ ሊሄድ ተስማምቷል። ቁርስ ላይ እማማ ጭልፋ ሳህኖቹን አንድ በአንድ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሰጡ፤ አሥራ ሁለት ሆነ። ሲመለሱም አሥራ ሁለት ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ እንቁላሉ ሳይነካ ነበር የመጣው፤ ያመጣው እጅም የእስክሪብቶ ሰዓት የተሳለበት ነው።

ከዚያ ምድር ቀውጢ ሆነች። ፎጣ ጠፋ፤ ጫማ ተቀያየረ፤ ኳስ ጣራ ላይ ወጣ። በመጨረሻ ልጆቹ በሦስቱ መኪኖች ተጠቀጠቁ። ትልቁ ልጅ የቤቱን በር ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ከመኪና መኪና እየዞረ ቆጠረ።

«አሥራ አንድ» አለ። «ሙሉ ነን። እንሂድ።»

እማማ ጭልፋ አንድ እግራቸውን መኪናው ውስጥ አስገብተው ነበር። ቆሙ። ዝም ቢሉ ማንም ምንም አይላቸውም። ተናግረው ከተሳሳቱ ግን ነገራቸው ያኔውኑ አበቃ፤ ልጃቸው ነገ ሌላ ካርቶን ያመጣል፤ የሚከራከርላቸውም አይኖርም። ግን ሳህኑን በእጃቸው ቆጥረውታል። እግራቸውን መልሰው አወጡ።

«አንድ ይጎድላል» አሉ።

ልጁ በረጅሙ ተነፈሰ። «እማዬ፣ አሁን ቆጠርኳቸው እኮ።»

«አሥራ ሁለት ሳህን ሰጥቼ አሥራ ሁለት ተቀብያለሁ። አሁን አሥራ አንድ ከሆኑ አንድ ይጎድላል። አውርዳቸውና ሁሉም ከወላጁ ጎን ይቁም።»

«ፀሐዩ ሳይበረታ ብንደርስ...»

«ሁላችሁም ውረዱ። ሰልፍ» አሉ እማማ ጭልፋ።

በትምህርት ቤት ድምፃቸው ነበር የተናገሩት። ልጆቹ የወላጆቻቸውን ፈቃድ ሳይጠብቁ ዱብ ዱብ አሉ። መሪ ይዞ የነበረው ታናሽዬው ልጃቸውም ራሱ ሳያውቀው ከመኪናው ወርዶ ቀጥ ብሎ ቆመ። እያንዳንዱ ልጅ ወደ ወላጁ ሄደ፤ መሐል ግቢው ላይ የፊት ጥርሷ የወለቀው ልጅ ብቻዋን ቀረች። ዳቦ እያኘከች ነበር።

«አንቺ የማን ነሽ?» አለቻት ፀጉር ሠሪዋ የእማማ ጭልፋ ልጅ። ከዚያ ወደ ታናሽዬው ሚስት ዞረች። «የእህትሽ ልጅ መስላኝ ትናንት ፀጉሯን ሠርቼላታለሁ።»

«እኔ ያንቺ መስላኝ ገላዋን አጥቤያታለሁ» አለች የታናሽዬው ሚስት።

ልጅቷ የያዘችውን ዋጠች። «የዚያኛው ቤት ነኝ» አለች ወደ አጥሩ ማዶ እያሳየች። «አሁን ነው የገባነው። እናቴ ነርስ ናት፤ ቀን ቀን ተረኛ ናት። እራት ከእሷ ጋ ነው የምበላው። ቁርስና ምሳ እዚህ ነው።»

ልጆቹማ ያውቁ ነበር። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም እንጂ።

ታናሽዬው ሳቀ፤ ሌሎቹም ሊከተሉት ሲሉ ትልቁ ልጅ ብቻ አልሳቀም። ከጎኑ የቆሙትን አየ። ሦስት ናቸው።

«እሷን ጨምሬ ከሆነ አሥራ አንድ ያልኩት...» አለና አልጨረሰውም። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ድንቡሼ» አለች ሚስቱ በሹክሹክታ። «እኔ እኮ ከእህትህ ጋ የተሳፈረች መስሎኝ...»

አንዱ ወደ ቧንቧው፣ አንዱ ወደ መንገዱ፣ አንዱ ወደ አጥሩ ሮጠ። ኢንሹራንስ ሠራተኛው ግን የት እንደሚሮጥ ጠፍቶት ቆመ። ስንት አደጋ ሲመዘግብ የኖረ ሰው አሁን አንድም አልመጣለትም።

«ተረጋጉ» አሉ እማማ ጭልፋ። «እጇ ላይ በእስክሪብቶ ሰዓት የተሳለባት ናት?»

«አዎ» አለ ልጃቸው። «እኔ ነኝ የሳልኩላት። ስንመጣ መንገድ ላይ፣ መቼ ነው የምንደርሰው እያለች ስታስቸግረኝ።»

«ቁርሷ ላይ እንቁላሉን አልነካችም። በጠዋት እንቁላል የማይነካ ልጅ ወይ ታሟል ወይ እንቅልፉን አልጠገበም። ስሰጣት መዳፏ አይተኩስም ነበር፤ ስለዚህ ተኝታለች። ቁልፉን አምጣ።»

ቁልፉ ከእጁ ሁለት ጊዜ ወደቀበት። በሦስተኛው እማማ ጭልፋ ተቀብለው ከፈቱት። ልጆቹ ጤዛ እንዳያርሰው ብለው አውቶቡሱን ማታ ሳሎን አስገብተውት ነበር፤ ከሶፋው ጀርባ ቆሟል። እማማ ጭልፋ ጎንበስ ብለው በተቀደደው መስኮት አዩ። ድንቡሼ የመዋኛ ልብሷን እንደለበሰች፣ ፎጣዋን ተንተርሳ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

አባትየው ተንበርክኮ በካርቶኑ መስኮት እጁን አስገባና ጉንጯን ነካ። ልጅቷ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«ሐይቁ ጋ ደረስን?» አለች።

«ልንደርስ ነው» አለ። አቅፎ ካነሣት በኋላ ፊቱን አንገቷ ሥር ቀበረው፤ ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል። «እማዬ፣ ቆልፈንባት ልንሄድ ነበር እኮ።»

«አልሄድንም» አሉ እማማ ጭልፋ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ መጨመር ግን አምሯቸው ነበር። ከትናንት ጀምሮ ደረታቸው ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሥቶ ሄዷል፤ አእምሯቸው የትም አልከዳቸውም። ደስታው ጉልበታቸው ድረስ ተሰማቸው።

እናቷ ተረኛ ስትሆን ቤት የምትውለው የጥርሰ ወላቃዋ አክስት በአጥሩ ላይ ተጠርታ፣ ልጅቷ ሐይቅ እንድትሄድ ፈቀደች። ልጆቹ እንደገና ሲሳፈሩ ኢንሹራንስ ሠራተኛው መቁጠር ጀምሮ መሐል ላይ ተወው።

«አንቺ ቁጠሪልኝ» አለ።

እማማ ጭልፋ መኪኖቹን ዞሩ። ልጆቹ ሳይነገራቸው እጆቻቸውን በመስኮት አወጡ። «አሥራ ሁለት» አሉ እማማ ጭልፋ። «አሁን ነዱ።»

ቀኑን ሙሉ ሐይቁ ዳር ጭልፋቸውን ይዘው ነገሡ። ጭልፋው ሲነሣ ልጆቹ ከውሃ ይወጣሉ፤ ሲወርድ ተመልሰው ይገባሉ። የሌሎች ቤተሰቦች ልጆች ሳይቀሩ እየወጡ መሰለፍ ጀመሩ። እማማ ጭልፋ እጃቸውን አይተው ለሁሉም ዳቦ አደሉ። ፀጉር ሠሪዋ ስቃ ስቃ ሆዷን ያዘች።

ሰኞ ከምሳ በኋላ መኪኖቹ ተጫኑ። ትልቁ ልጅ እጅጌውን ሰብስቦ ማድ ቤት ገባና ሳህኖቹን እያደረቀ ለእናቱ ማቀበል ጀመረ።

«ካርቶኖቹ...» አለ ሳህን እያደረቀ።

«ሁለቱ ተቀደዋል። ትልቁን አልጋዬ ሥር አስገብቼዋለሁ። ድንቡሼ ለሚቀጥለው በዓል ጎማ ልትሠራለት ቃል ገብታለች።»

ልጁ ሳህን ማድረቁን ቀጠለ። «መጋረጃውን ሚስቴ ሁለት ቀን ስትሰፋው ነበር» አለ።

«ለጥየቃ ስመጣ ከሥሩ እተኛለሁ።»

ፈገግ አለ። ከዚያ የመጨረሻውን ሳህን አቀበላቸውና ገንዳውን አየ፤ ጠረጴዛውን አየ፤ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አየ። «አሥራ አንድ ነው» አለ። «እማዬ፣ አንድ ይጎድላል።»

«አይጎድልም። ጥርሰ ወላቃዋ ለእናቷ ማካሮኒ ይዛበት ሄዳለች። ነገ ቁርስ ላይ ይዛው ትመጣለች።»

እማማ ጭልፋ አሮጌውን አንሶላ ከወንበሩ ላይ አነሡ። ሳህኖቹን ግን አልጠቀለሉበትም። አጥፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱትና አሥራ አንዱን ሳህን ከመስኮቱ አጠገብ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ የልጅ እጅ በሚደርስበት ቦታ ደረደሯቸው።