ሳይድካሩ በየት በኩል ነበር?

ፈቀደ ጥርስ ሠሪ ነው። ሐኪም ነው አላልኩም፤ ሐኪሙ ለክቶ የሚልክለትን ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አዲስ አበባ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ባለሙያ ነው። የስንቱን አፍ አሳምሯል መሰላችሁ! የራሱ አፍ ግን አከራዩ እትዬ ተረፈች ፊት ሲቀርብ ይተሳሰራል። ሰበታ፣ እነሱ ግቢ ውስጥ፣ ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ሦስት ዓመት ኖሯል። በእነዚህ ዓመታት የመጨረሻ ልጃቸውን ዕድላዊትን እንደሚወዳት ያላወቀ ሰው ቢኖር የቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ሳይጠረጥር አልቀረም።

ዕድላዊት ዋናው መንገድ ዳር የውበት ሳሎን አላት። እሷም ትወደዋለች፤ እዚያ ላይ ችግር የለም። ችግሩ አባቷ ጋሼ አሥራት ናቸው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶባት ሁለቱንም ጊዜ መልሰዋል። አንዱን "ወሬ ያበዛል" ብለው፣ ሌላውን "አያወራም" ብለው። እንግዲህ በዚህ መካከል የሚገኝ ወንድ ከየት ይምጣ?

ፈቀደ እሑድ እሑድ እጁ ሥራ አይፈታም፤ ትንንሽ የፕላስቲክ ሞዴሎች ይገጣጥማል። አንድ ጊዜ የአክስቱ ልጅ ከዱባይ የድሮ የጀርመን ሞተር ሳይክል ሞዴል አመጣለት፤ ከእውነተኛው አሥራ ሁለት ጊዜ ያነሰ፣ ከስንዝር የማይበልጥ ነገር። ገጣጥሞ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ይድረቅ ብሎ መስኮቱ ላይ ባስቀመጠው ጠዋት ጋሼ አሥራት በዚያ በኩል ሲያልፉ ባሉበት ቆሙ።

"ይቺ እኮ የኔ ናት!" አሉ። በጃንሆይ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት መልእክተኛ ሆነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞተር ነድተዋል። "ቁርጥ እሷን! ግን ሳይድካሯስ፣ የጎን መቀመጫዋ? ጎኗ ባዶ ነው እኮ፣ ልጄ።"

ልጄ! ፈቀደ የቀረውን አልሰማም። ሳይድካሩን ራሱ ሊሠራው ወሰነ፤ ሽማግሌዎቹ በሄዱ ቀን ይዘውት ይገባሉ። ጉቦ ነው ትሉ ይሆናል። ፍቅር የያዘው ሰው ስጦታ ነው የሚለው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አጎቱና አለቃው ከአዲስ አበባ ሊመጡ፣ ሦስተኛው ደግሞ የዚያው ሰፈር ሰው ኦቦ ደቻሳ ሊሆኑ። ቀኑም ለእሑድ ተቆረጠ።

በዚያው ሳምንት መንገዱ ተዘጋ። የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ነገር ነው። ዛሬ ቡራዩ ነው ሲባል ነገ ሱሉልታ ይሆናል፤ ሰበታም ተራዋ አልቀረላትም። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ታክሲ ጠፋ፣ ሱቆች በር ገርበብ አድርገው መሸጥ ያዙ፣ ኢንተርኔቱም ድርግም አለ። ኦቦ ደቻሳ የወንድማቸው ልጅ ተይዞባቸው ጣቢያ ሲመላለሱ ሰነበቱ፤ ዓርብ ዕለት ሲፈታ ነው ፊታቸው የተፈታው። ሥራ መሄድ ያልቻለው ፈቀደ ደግሞ በሩን ዘግቶ ሳይድካሩን ጀመረ።

ዕቃው ሁሉ የጥርስ ዕቃ ነው። ቅርጹን በሰም አወጣ፤ አፍንጫው ሾጠጥ፣ ወገቡ ሞላ ያለ። ሰሙን በጀሶ ቀበረና አቅልጦ አስወጣው፤ በቦታው ለሰው ሠራሽ ድድ የሚበጠበጠውን ዱቄት ሞላ። እግሩን ጥርስ በሚታሰርበት ሽቦ ሠራ። ጎማው የካፖርት ቁልፍ ነው፣ ዙሪያውን የቧንቧ ላስቲክ የለበሰ። መቀመጫውን ከአሮጌ ቦርሳ ቆዳ ቆረጠለት። ጀሶው ተሰብሮ ሳይድካሩ ሲወጣ ታዲያ ሮዝ ነው! የለየለት የድድ ቀለም።

"ሊነክሰኝ ነው እንዴ ይሄ ነገር?" አለች ዕድላዊት፣ በሳቅ ፍርስ ብላ። ደንበኛ ስለጠፋ ሳሎኗን ዘግታለች። ጥቁር የጥፍር ቀለም አመጣችና በዚያችው ብሩሽ ሁለት ጊዜ ደራርባ ቀባችው። ፈቀደ ሳይድካሩን ትቶ ጣቶቿን ሲያይ ዋለ።

የቀረው መግጠሙ ብቻ ነበር። ከምሳ በኋላ፣ ሁሉም በረንዳው ላይ እንደተቀመጡ፣ የዋህ ነውና ጠየቀ፦

"ጋሼ፣ ሳይድካሩ በየት በኩል ነበር?"

"በቀኝ ነዋ!"

"በግራ ነው" አሉ እትዬ ተረፈች፣ ምስሩን እየለቀሙ።

"አንቺ ደግሞ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነዳሁት እኔ፣ የምታውቂው አንቺ?"

እትዬ ተረፈች ሰፌዱን አስቀመጡ። "አንተ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነዳህ። እኔ አንድ ቀን ብቻ ነው የተቀመጥኩበት፤ ከአባቴ ቤት ያወጣኸኝ ዕለት፣ ከሆለታ እስከዚህ። በግራህ ነበርኩ። ረስተኸዋል ማለት ነው?"

"ምኑን እረሳለሁ? በቀኝ ነበርሽ!"

ኧረ ተዉኝ! ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት አልሆነም። እትዬ ተረፈች ኩርፊያቸው ጩኸት የለውም፤ ምግቡን ያቀርባሉ፣ ከገበታው ግን ይርቃሉ። ሰውየው ብቻቸውን እየበሉ፣ በየጉርሻው "በቀኝ ነው" ይላሉ። ፎቶግራፍ የለ፣ ምስክር የለ።

"ሳይድካር ሥራ ተባልክ እንጂ ቤት አፍርስ ተባልክ?" አለችው ዕድላዊት። "እሑድ በዚህ ኩርፊያ መሐል ሽማግሌ ልትልክ ነው? በቀኝ ብታደርገው እማዬ አትሰጥህም። በግራ ብታደርገው አባዬ አይሰጥህም።"

ፈቀደ ሲጨነቅ ውሎ አንድ መላ መጣለት። የሚወልቅ ጥርስ እኮ በሽቦ ክንድ ነው ጎረቤቱን አቅፎ የሚይዘው። ለሞተሩም በግራም በቀኝም ማቀፊያ ሠራለት። በቀኝ ስትጫነው ቀጭ! በግራ ስትጫነው ቀጭ! ጋሼ አሥራት ሲያዩት በቀኝ፣ እትዬ ተረፈች ሲያዩት በግራ። እንዲህ ያለ ብልህ በሀገሩ የለም ብሎ ደስ ብሎት ተኛ።

እሑድ መጣ፤ መንገዱ ግን አልተከፈተም። አጎቱም አለቃውም ደውለው መንገዱ ላይ የተደረደረው ድንጋይ አያሳልፍም አሉ። ፈቀደ ቀኑን ላስተላልፍ ሲል ኦቦ ደቻሳ ጋቢያቸውን አደላድለው ሞዴሉን ከእጁ ተቀበሉት።

"እኔ ብቻዬን ሦስት ነኝ" አሉ። "አንተ ክፍልህ ግባ። ባለ ጉዳይ ሽማግሌ ፊት አይታይም፣ ነውር ነው።"

ፈቀደ ክፍሉ ገብቶ ከመጋረጃው ኋላ ቆመ። ግቢው ትንሽ፣ የኦቦ ደቻሳ ድምፅ ትልቅ፤ አንድ ቃል አላመለጠውም።

"አካም ጅርቱ! ናጋ፣ ሰላም ለዚህ ቤት!"

"ናጋ፣ ኦቦ ደቻሳ። ተቀመጡ እንጂ" አሉ ጋሼ አሥራት።

"ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም። ለሁለቱ ጓደኞቼም ወንበር አውጡላቸው፤ ሰውነታቸው መንገድ ላይ ቀረ እንጂ ልባቸው እዚህ ነው።" ከዚያም የመጡበትን በወጉ ተናገሩ፤ የልጁን ጠባይ አወደሱ፣ ሞዴሉንም ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሳይድካሩን ሊገጥሙት ቢሞክሩ በዚያ በገበሬ ጣታቸው እንቢ አላቸው። ሞከሩ፣ ላብ አላባቸው፣ በመጨረሻ በበሩ ወደ ውጭ ጮሁ፦ "ፈቀደ! ና ወዲህ፣ ነውሩ ለዛሬ ይቅር!"

ገባ። ዕድላዊት ከጓዳው በር ኋላ ግማሽ ፊቷ ይታያል። ሳይድካሩን አነሳና በቀኝ፣ ቀጭ!

"ይኸው!" አሉ ጋሼ አሥራት፣ ፊታቸው በርቶ።

ፈቀደ ነቀለና በግራ፣ ቀጭ! እትዬ ተረፈችን ፈገግ ብሎ አያቸው። እሳቸው ግን ፈገግ አላሉም።

"የቱ ነው ታዲያ?"

"እንደ... እንደወደዱት ነው እትዬ። በሁለቱም ይሆናል።"

"እኔ እንደወደድኩት እንዲሆን አልጠየቅኩም። የሆነው የቱ ነው? ለእሱ በቀኝ፣ ለእኔ በግራ፤ ነገ ለልጄስ በየት በኩል ልትሆንላት ነው? በሁለት ቢላ የሚበላ አማች አልፈልግም፣ ኦቦ ደቻሳ!"

ፈቀደ ፊቱ ጋለ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዕድላዊትን ቀና ብሎ ለማየት እንኳ አልደፈረም። ያን ያህል የኮራበት ማቀፊያ ከእነ ሽቦው አስጠላው።

ጋሼ አሥራት ሚስታቸው በእንግዳ ፊት በመቆጣታቸው አፈሩ መሰል፣ ነገሩን ሊያለዝቡ ገቡ። "ግራም ሆነ ቀኝ ምን ያደርግልሻል፣ ተረፈች? ያን ዕለት ፈርተሽ ስትንቀጠቀጪ እጅሽን ይዤሽ አልነበር? ከሆለታ እስከዚህ አልለቀቅኩሽም! እጅሽን ላለመልቀቅ ብዬ ማርሽ እንኳ ሳልቀይር ነው የመጣሁት። ሞተሩ ኡኡ ሲል ሰው ሁሉ እየወጣ አየን።"

"እሱስ እውነት ነው" አሉ እትዬ ተረፈች፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ሲያለቅስ ነው የመጣው።"

ፈቀደ ሞዴሉን አየ። የነዳጁን ገመድ ወደ ቀኙ እጀታ፣ የክላቹን ገመድ ወደ ግራው እጀታ ያስገባው እሱ ራሱ ነው፣ በመርፌ ጫፍ። ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። አሁን ተናግሮ የልጅቷን አባት ሽማግሌ ፊት ሊያሳፍራቸው ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ እናትየው ያሉት ሰውዬ ሆኖ ሊቀር ነው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አለ፣ "እጃቸውን ይዘው ማርሽ መቀየር ያቃተዎት ለምንድን ነው?"

"ክላች በምን እይዛለሁ? እጄ ተይዟል እኮ!"

"ክላቹ በየትኛው እጅ ነው?"

"በግራ ነዋ፣ በቀኝማ ነዳጅ..." ጋሼ አሥራት ግራ እጃቸውን አነሱና አዩት።

"ቀኝ እጅዎ ነዳጁን ለቅቆ ቢሆን ሞተሩ እዚያው ሆለታ ይቀር ነበር" አለ ፈቀደ። "እትዬ በግራዎ ነበሩ። ልክ ነዎት እትዬ፤ ይህን ቀድሜ መናገር ሲገባኝ ሁለታችሁንም ላስደስት ብዬ ፈራሁ።"

ኦቦ ደቻሳ ጭናቸውን መቱ። "ዋቃ ኮ! አሥራት፣ የተጋባችሁት በሃምሳ አራት አይደለም? መኪና ሁሉ ያኔ በግራ ነበር የሚሄደው! በሃምሳ ስድስት ነው ወደ ቀኝ የተዞረው።"

"ያኔ ነው ሳይድካሩንም ፈትተው ወደ ቀኝ ያዞሩብኝ" አሉ ጋሼ አሥራት ቀስ ብለው። "ከዚያ ወዲያ ስነዳ የኖርኩት በቀኝ አድርጌ ነው። እኔ እኮ... ተረፈች፣ ያንቺን ቀን ከሌላው ቀን ደባለቅኩት።"

ፈቀደ አንድ ነገር ማድረግ እንዳለበት አወቀ። ከኪሱ ሙጫ አወጣ፤ ሳይድካሩን በግራ ገጥሞ መጋጠሚያው ላይ አንጠባጠበና በሁለት ጣቱ ጨምቆ ያዘው። አሁን የሚወልቅ አይደለም።

ጋሼ አሥራት ሞዴሉን ብዙ አላዩትም። ግራ እጃቸውን በወንበሮቹ መካከል ዘረጉና የእትዬ ተረፈችን እጅ ያዙ፤ ሽማግሌ ፊት፣ ልጃቸው ፊት! ዕድላዊት በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት አይታ አታውቅም። እትዬ ተረፈች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ሳቅም ለቅሶም እየተናነቃቸው።

ኦቦ ደቻሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ እኔ አሁንም እንደቆምኩ ነኝ። መልሳችሁን አሰሙኝ።"

ጋሼ አሥራት ቀና ብለው፣ ድምፃቸውን አወፍረው፣ የቤቱ አባወራ ሆኑ። "መቼም ወግ ነው፣ ኦቦ ደቻሳ። ልጁንም አየነው፣ እናንተንም አከበርን። ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ..."

"ተመካክረናል" አሉ እትዬ ተረፈች፣ እጃቸውን ሳያስለቅቁ። "ልጅቷን ስጠው።"