ግንበኞቹን ማን ጠራቸው?

የሲን ለምሳ ወደ ቤቱ ሲመለስ ገና መታጠፊያው ላይ እንዳለ የመዶሻ ድምፅ ሰማ። ፒያሳ ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ብርቅ አይደለም፤ ሰፈሩ ፈርሶ መንገዱ ከሰፋ ወዲህ ሳይቆፈርና ሳይቀጠቀጥ የሚያልፍ ቀን የለም። ስለዚህ ልብም ሳይለው መንገዱን ቀጠለ። ድምፁ ግን እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣና በመጨረሻ ከራሱ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ጀርባ ሆነ።

በሩን ገፍቶ ገባ። ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች ግቢው ውስጥ ተንበርክከው ሊሾውን በመሮና በመዶሻ ይቀጠቅጣሉ። ከውጭው በር እስከ ቤቱ ደረጃ ድረስ መኪና የሚገባበት ይህ ሊሾ አባቱ በሕይወት ሳሉ ያስደረጉት ነው። መሐል ለመሐል ከተሰነጠቀ ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ ክር የምታህል መስመር ነበረች፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እየሰፋች ሄዳ አሁን ጣት ትውጣለች፤ ሣርም በቅሎባታል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ይባስ ብለው መዳፍ እስኪያስገባ ድረስ ከፍተውታል።

«እናንተ! ምን እያደረጋችሁ ነው?»

ኮፍያ ያጠለቀው ሰውዬ ቀና አለ። «እንዴት ዋሉ ጋሼ! ኤርሚ እባላለሁ፣ ግንበኛ ነኝ። ስንጥቁን እየጠገንን ነው።»

«ይሄ ጥገና ነው? እያፈረሳችሁት አይደል እንዴ!»

«ካልሰፋና ካልጸዳ አዲሱ ሲሚንቶ አይዝም ጋሼ። ላይ ላዩን ብናለስነው በመጀመሪያው ዝናብ ተነቅሎ ይመጣል።»

«ቆይ፣ ማነው የጠራችሁ?»

«ማዘር ናቸዋ!» አለ ኤርሚ፣ መጠየቁ ራሱ ገርሞት። «ማዘር ደውለውልን። የሲሚንቶና የአሸዋ መግዣውንም ልከውልናል። ዛሬ ካላለቀ ወዮላችሁ ብለውናል።»

የዚህ ቤት ማዘር ሚስቱ ከሪማ ናት። ከሪማ ደግሞ እህቷ ወልዳ ልትጠይቃት ደሴ ከሄደች ቀናት ሆኗታል። የሄደች ዕለት ጠዋት ታክሲው በር ላይ ቆሞ እየጠበቃት ሻንጣዋን እየጎተተች ስትወጣ አንደኛው ጎማ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የሲን ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም፤ ግን አመለጠው።

«አንተ ቀኑን ሙሉ ለሰው የበር እጀታና ማጠፊያ ስትሸጥ ትውላለህ» አለችው፣ ሻንጣውን አንጠልጥላ። «የራስህ ቤት ግን እንዲህ አፉን ከፍቶ ይኖራል። ስመለስ ይሄን ስንጥቅ እዚህ ባላየው ደስ ይለኛል።»

ከዚያ በኋላ በስልክ የምትመልስለት «ደህና ነኝ» እና «እሺ» ብቻ ሆነ።

ስለዚህ የሲን ነገሩ የገባው መሰለው። ከደሴ ሆና፣ እሱን ሳትጠይቅ፣ ግንበኛ ፈልጋ ልካበታለች። ከመናደድ ይልቅ አፈረ። ልጁ ሲሀም ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትምህርቷን ታነባለች።

«አንቺ ነሽ የከፈትሽላቸው?»

ማዳመጫውን ነቀለች። «እኔ ነኝ። አንተ የላክሃቸው መስሎኝ።»

«እናትሽ ናት።»

«እማዬ? ለኔ ምንም አልነገረችኝም።»

«ለኔስ መቼ ነገረችኝ» አለ የሲን።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። የሲን ግን ሠራተኞቹን ዝም ብሎ ማለፍ ነውር መስሎት፣ ውሃ በጆግ ይዞላቸው ወጣ። ኤርሚ ጠጥቶ አፉን ጠረገና «ማዘር እንዲህ የቸኮሉት እኮ ወደው አይደለም» አለ። «ሽማግሌው ነገ ጠዋት ይገባሉ ብለውኛል። በዚህ ስንጥቅ ላይ እንዲራመዱ አልፈልግም ነው ያሉኝ።»

የሲን ጆጉን እንደያዘ ቆመ። «የትኛው ሽማግሌ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። እርስዎ ያውቁ ይሆናል ብዬ እኮ ነው።»

የሲን አላወቀም። ወይም ባላውቅ ይሻለኛል ብሎ ተመኘ። ከከሪማ ጋር የተያያዙ አንድ ሽማግሌ ብቻ አሉ፤ እሳቸውም አባቷ ሼህ አብዱልሃኪም ናቸው። ሼህ አብዱልሃኪም ደሴን ለቀው አዲስ አበባ የሚመጡት ለሌላ ጉዳይ አይደለም፤ የተጣላ ሲያስታርቁ ብቻ ነው። የከሪማን ታላቅ ወንድም ከሚስቱ ጋር ያስታረቁ ጊዜ ሦስቱም ያለቀሱበትን ሁሉም ያስታውሰዋል። ታዲያ በተሰበረ የሻንጣ ጎማ ሽማግሌ ይላካል? ወይስ ሌላ እሱ የማያውቀው ነገር አለ? ባለፈው ረመዳን የተናገረው ነገር ይሆን? ወይስ ለእህቷ ልጅ ሰርግ ያልሄደበት?

ጓዳ ገብቶ ደወለላት። ከወዲያ በኩል የሴቶች ጫጫታና የሕፃን ለቅሶ ይሰማል።

«ከሪማ፣ ሰዎቹ መጥተዋል።»

«መጡ? አልሐምዱሊላህ! በደንብ ተቀበልካቸው?»

«አዎ… ውሃም ሰጠኋቸው። ግን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ነግሬህ ነበር እኮ! መቼ ትሰማኛለህ አንተ!»

የሲን ግንባሩን ያዘ። መቼ ነው የነገረችው? «እሺ ይሁን። አባባስ? ነገ ነው የሚመጡት?»

«አባባ? አባባማ…» የሕፃኑ ለቅሶ በረታ። «…ነገ… ቆይ እስቲ አልሰማህም…» ስልኩ ተቋረጠ። ደግሞ ሲሞክር አገልግሎት አይሰጥም አለው።

ከሰዓት ሱቁን ሳይከፍት ዋለ። ሥጋ ቤት ሄዶ የበግ ሥጋ ገዛ። ሳሎኑን ጠረገ። ሼሁ የሚያርፉበትን ክፍል እቃ አውጥቶ አልጋውን ከመስኮቱ ራቅ አደረገው፤ ከዚያ ብርሃን ይወዳሉ ብሎ መልሶ አስጠጋው። እየሠራም ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ «አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው…» ይልና ይቆማል። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አልቻለም።

«አባዬ፣ ሌላ ሰው ጋ ደውለህ ለምን አትጠይቅም?» አለችው ሲሀም፣ ትራሱን ልብሱ ውስጥ ስታስገባ።

«ምን ብዬ? አባባ ሊያስታርቁኝ የሚመጡት ከምን የተነሳ ነው ብዬ?»

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሥራው አለቀ። ኤርሚና ጓደኛው ስንጥቁን በሽቦ ብሩሽ አጽድተው፣ አርጥበው፣ ሲሚንቶና አሸዋውን ለውሰው ጠቅጥቀው ሞልተውታል። ከላዩ አስተካክለው እርጥብ ጆንያ አለበሱት። የሲን ሊሾውን አየ፤ አምሯል። ምንም ግራ ቢጋባ ደስ አለው፤ ከሪማ ስታየው ፊቷ እንደሚፈታ ታሰበው።

በዚህ መሐል የኤርሚ ስልክ ጠራ።

«አቤት ማዘር… ጨርሰናል እኮ! አዎ፣ አሁን ጆንያ አለበስነው…» ከወዲያ የሚባለውን አዳመጠ። ከዚያ «እንዴ ማዘር፣ ግቢዎ ውስጥ ነን!» አለ።

ከስልኩ የወጣው ድምፅ ደረጃው ድረስ ተሰማ። «የኔ ግቢ ውስጥ እኔና ድመቴ ብቻ ነን!»

ኤርሚ የሲንን አየ። የሲን ኤርሚን አየ። ሲሀም አፏን በእጇ ያዘች።

«ጋሼ» አለ ኤርሚ ቀስ ብሎ፣ «እዚህ ቤት ወይዘሮ ሰርክአዲስ የሚባሉ የሉም?»

ወይዘሮ ሰርክአዲስ ለኤርሚ በስልክ የሰጡት አድራሻ ቀላል ነበር፤ ዳቦ ቤቱን አልፎ በስተግራ፣ አረንጓዴ በር። እሳቸው ዳቦ ቤቱ ያሉት ዕድሜ ልካቸውን ዳቦ የገዙበትን ነው። እሱ ግን ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል፤ ሴትዮዋ ለምደውት ከአፋቸው አልወጣም እንጂ ቦታው ላይ አሁን የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው ያለው። ኤርሚ መንገደኛ ሲጠይቅ ደግሞ መንገደኛው አዲስ የተከፈተውን ዳቦ ቤት አሳየው። ከእሱ በስተግራ አረንጓዴ በር አለ፤ የየሲን በር።

የሲን ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር ከግንበኞቹ ጋር ወጣ። አጥሩን ታከው ሲሄዱ፣ ድሮ እዚህ ጋ በሰው ግቢ፣ በጠባብ መተላለፊያና በልብስ ሰፊ ቤት አቋርጦ ያልፍ እንደነበር አስታወሰ። ያኔ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ያሉበት ሰፈር ለእሱ ሩቅ ነበር፤ ብዙ ቤቶች መሐል ላይ ነበሩ። አሁን ከአጥሩ በቀር የሚያገናኘው ነገርም የሚለየውም ነገር የለም።

ወይዘሮ ሰርክአዲስ በራቸው ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። «ልጆቼ፣ ቤቴን ማን ሰወረባችሁ?» አሉ፤ ቁጣም ለቅሶም ቀላቅለው።

«ጥፋቱ የኔ ነው እማማ» አለ የሲን። ቀኑን ሙሉ ሲለማመደው የዋለው ቃል ስለነበር ሳይደናቀፍ ወጣለት።

«አንተ ማነህ ደግሞ?»

«ሲሚንቶዎ የገባበት ቤት ባለቤት ነኝ።»

ገብተው ሲያዩት የእሳቸውም ሊሾ ከበሩ እስከ በረንዳው ተሰንጥቋል፤ የአንደኛው ወገን ጠርዝ ከሌላው ከፍ ብሏል። ባለቤታቸው ጋሽ ተክላይ በክረምቱ ምርኩዛቸው እዚህ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ታክመው ነገ ጠዋት ከሆስፒታል ይወጣሉ። የኤርሚ ሽማግሌ እሳቸው ነበሩ።

የሲን ስለ ሻንጣ ጎማና ስለ እርቅ ሲጨነቅ የዋለው፣ እኚህ ሴትዮ በር ከፍተው ሲጠብቁ በዋሉበት ሰዓት ነው። «እማማ፣ ሳይመሽ እናደርሰዋለን፤ ወጪውም የኔ ነው» አለና ከሱቁ ጎን ካለው መደብር ሲሚንቶ ሊያስጭን ሮጠ። ሲመለስ እጅጌውን ሰብስቦ አሸዋ ዛቀ፣ ውሃ ቀዳ፤ ኤርሚ «ጋሼ፣ ውሃው በዛ» ባለው ቁጥር ደግሞ አሸዋ ጨመረ። ሲመሽ ከፍ ያለው ጠርዝ ተቀርፎ፣ ስንጥቁ ተሞልቶ፣ ጆንያውን ለብሶ ነበር።

«ግን እኮ» አሉ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ድንገት፣ «ነገ ይረገጣል?»

ኤርሚ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። አይረገጥም።

ማታ ከሪማ ደወለች። «መጡ?» ብላ የጠየቀችው ከደሴ ቅቤ ስለላከችባቸው ጎረቤቶች ነበር፤ ገና አልደረሱም። አባቷም የትም የመሄድ ሐሳብ የላቸውም። የሲን የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲነግራት መሳቅ ጀመረች፤ መጨረስ አልቻለችም። ስልኩን ለአባቷ ሰጠች።

«የሲን» አሉ ሼሁ፣ «ከማን ጋር ነው የተጣላኸው?»

«ከማንም አባባ።»

«ታዲያ ለምንድነው እንዲህ የፈራኸኝ?»

ከሪማ ስልኩን ስትቀበል ድምፅዋ ተለውጦ ነበር፤ ከሄደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ «በላህ ወይ?» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት የሲን ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ሄደ። የበጉ ሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀረ፤ ከእስላም ቤት ሥጋ ይዞ ክርስቲያን ቤት መግባት እንደማይሆን ሲሀም አስታውሳው ነበር። ታክሲው ሲደርስ ጋሽ ተክላይ የኋላ ወንበር ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። የሲን፣ ኤርሚ፣ ጓደኛውና የታክሲው ሾፌር አንድ ጠንካራ ወንበር አምጥተው አስቀመጧቸውና ከነወንበሩ አነሷቸው።

«ምንድነው ይሄ? ሞቻለሁ እንዴ?» አሉ ጋሽ ተክላይ።

«ሲሚንቶው እርጥብ ነው፤ አርፈህ ተቀመጥ!» አሉ ወይዘሮ ሰርክአዲስ።

ጋሽ ተክላይ ዕድሜያቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲያሽከረክሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አርፈው አልተቀመጡም። «ወደ ቀኝ ያዝ! ቀኝህን ነው ያልኩት! ቀስ… ቀስ… የኋላው፣ አንተ ባለሸሚዙ፣ ዝቅ አልክ!» ባለሸሚዙ የሲን ነበር። አራቱ ሰዎች እግራቸውን አንፈራጠው፣ ጆንያውን በግራና በቀኝ እየዘለሉ፣ ሳቃቸውን እንደምንም አፍነው በረንዳው ላይ አደረሷቸው።

አልጋቸው ላይ ጋደም ካሉ በኋላ ጋሽ ተክላይ የሲንን ትክ ብለው አዩት። «አንተን አላውቅህም። ዘመድ ነህ?»

«ጎረቤት ነኝ ጋሼ።»

«የምን ጎረቤት? ጎረቤቶቻችን በሙሉ ሄደው የለም እንዴ?»

«ከአጥሩ ማዶ ነኝ። አዲሱ ዳቦ ቤት አጠገብ።»

ሽማግሌው ወደ በሩ ተመለከቱ። «እዚያ ድረስ ጎረቤት ነው አሁን?»

ወይዘሮ ሰርክአዲስ አንድ ብርቱካን ልጠው ግማሹን ለባላቸው፣ ግማሹን ለየሲን ሰጡ። ጋሽ ተክላይ የአልጋቸውን ጠርዝ መታ መታ አድርገው «ቁጭ በል እንግዲህ» አሉት፤ እሱም ተቀመጠ። ሱቁን የከፈተው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው።