ያልተመለሱ ሃያ ሦስት መልእክቶች

አክስቴ ተሽከርካሪ ወንበር እያስጠገነ መራመድ ላልቻሉ ሰዎች በነፃ የሚሰጥ ማኅበር ሊቀመንበር ናት። እኔ ቢሮውን እጠርጋለሁ፤ እግረ መንገዴን ሁሉን ነገር አያለሁ። ማየት አይከለከል!

ማኅበሩ ፌስቡክ ላይ ገጽ አለው። ምን ያለበት ይመስላችኋል? አክስቴ ስብሰባ ላይ። አክስቴ ሌላ ስብሰባ ላይ። ተሰብሳቢዎቹ የተቀመጡበት ካልተቆጠረ በቀር ወንበር የሚባል ነገር የለም።

ያን ሰሞን ሁላችንንም የጨነቀን የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነገር ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የድሮው ወንበሯ ጠቧት እግሯን ያቆስላታል። ሰኞ ትምህርት ሊጀመር፣ መጋዘኑ ውስጥ አንድም የልጅ ወንበር የለም። በያጃችን ትልቁን ቆራርጦ ሊያሳንስላት ቢሞክር ወደ ጎን የሚያዘነብል ነገር ወጣለት።

«ጋሼ፣ ይሄ ወንበር ነው ወይስ መንሸራተቻ?» አልኩት።

«አንቺ ነገረኛ፣ ምላስሽን ልበይድልሽ?»

ሐሙስ ዕለት አክስቴ የስብሰባ ፎቶ እንድለጥፍ የማኅበሩን ስልክ ሰጠችኝ። የገጹ ጥግ ላይ ቀይ ቁጥር አየሁ፤ ሃያ ሦስት ይላል። ምን ይሆን ብዬ ነካሁት። ለካ ሰው የላከው መልእክት ነው!

«አክስቴ፣ ለዚህ ሁሉ ሰው ማነው የሚመልሰው?»

«በወር አንዴ ታትሞ ለስብሰባ ይቀርባል። ሲጸድቅ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ፎቶ ተነሥቶ ይላካል።»

«ፌስቡክ ላይ ማኅተም?»

«ማኅበር ነን እኮ! እንዳንቺ ዝም ብለን አንለፈልፍም። ባለፈው ወር ደግሞ ለስብሰባው ሰው አልተሟላም።»

ቡና ልትል ስትወጣ ማንበቤን ቀጠልኩ። አንዱ አበባ ልኳል። አንዱ ስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ ይላል። አንዲት ሴት ግን የትንሽ ቢጫ ወንበር ፎቶ ልካለች። «ልጄ አድጋ ጠቧታል፤ ትፈልጉታላችሁ?» ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። ከዚያ በሁለት ሳምንቱ «ሰላም? አላችሁ?» ብላለች።

ስልኩን ይዤ ወደ በያጁ በረርኩ። ፎቶውን በሁለት ጣቱ ለጠጥ አድርጎ ጎማውን መረመረ።

«ደህና ነው። ጻፊላት።»

«ማኅተሙስ?»

«እኔ የማውቀው ብረት ነው።»

ጻፍኩ፦ «አለን! ይቅርታ። ወንበሩ አለ? የሚያስፈልጋት ልጅ ሰኞ ትምህርት ቤት ትገባለች።»

እየጻፈች መሆኗን የሚያሳዩት ሦስት ነጥቦች ብቅ አሉ፣ ጠፉ፣ ደግሞ ብቅ አሉ።

«የተዘጋችሁ መስሎኝ ለብረት ሰብሳቢ ደጅ አውጥቼዋለሁ። ቶሎ ኑ!» አድራሻውንም ጨመረችበት።

በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ሮጠ።

አክስቴ ተመልሳ ነገሩን ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ። «ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።» ስልኩን አቀበልኳት። «ሰላም? አላችሁ?» የሚለው ላይ ስትደርስ ቁጭ አለች። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ፣ በአንድ ጣቷ፣ ስንት ሰዓት እንደምንከፍት ለጠየቀው ሰውዬ መጻፍ ጀመረች።

በያጁ ከሰዓት በኋላ ወንበሩን በጭንቅላቱ ተሸክሞ መጣ። ብረት ሰብሳቢውን የሴትዮዋ በር ላይ ነው የቀደመው። ብሎኑን አጠባብቆ ዘይት ቀባው። የልብስ ሰፊዋ ልጅ እናቷ አምጥታት ተቀመጠችበት፤ እግሯን ዘረጋች፣ ሰበሰበች፣ የትም አልነካትም። ሁላችንም ምን እንደምትል አፏን አፏን እናያለን።

«በሩን ክፈቱልኝ» አለች።