መልክ የሚያሳይ ወለል

ለሌሎች መቆሚያ እንዲያዘጋጅ አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን የራሱን መልክ ማያ ካደረገው፣ ያዘጋጀው ነገር አስቀድሞ የሚከዳው እርሱኑ ነው። የሚከተለው ታሪክ ይህን ያስረዳል። ጠረኑ ደስ አይልም፤ ይሁን እንጂ የገማን ነገር ሽቶ ረጭቶ ማቅረብ በታሪኩ ውስጥ የምናገኘው ሰው ልማድ ነውና እኛ አንከተለውም።

የስፖርት መምህርቷ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስታስተምር ጸጉሯ ሸብቷል። የምታስተምርበት አዳራሽ ቀድሞ የዕቃ መጋዘን ነበር፤ ወለሉም የመጋዘን ወለል ሆኖ ቀርቷል፤ ቀዝቃዛ፣ ሻካራ፣ የወደቀበትን ሁሉ ያለ ርኅራኄ የሚቀበል ሲሚንቶ። የመረብ ኳስ ቡድኗ ልጃገረዶች ኳስ ለማዳን በተወረወሩ ቁጥር ጉልበታቸው ይላጣል፤ የአንዱ ቁስል ቅርፊት ሳይረግፍ ሌላው ይደማል። ከሁሉም የባሰባት የቡድኑ አምበል ነበረች። አምበሏ የመምህርቷ የወንድም ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተችባት ጊዜ ጀምሮ ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ሐኪሙ የልጅቷን ጉልበት ይዞ አጥፎ ከዘረጋ በኋላ፣ «ሲሚንቶ ላይ መዝለሏን ካላቆመች በከዘራ ትሄዳለች» ብሏል። መምህርቷ ስለ አዳራሹ ወለል ባሰበች ቁጥር የምታስበው ስለዚህች ጉልበት ነበር።

የልጅቷ አባት፣ ማለትም የመምህርቷ ታላቅ ወንድም፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ነው። ተማሪዎቹ በሌለበት «መስታወቱ» ይሉታል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም፤ በመስኮት፣ በመኪና በር፣ በማንኪያ ጀርባ ሳይቀር ራሱን ሳያይ አያልፍም። የተነሣውን ጸጉሩን በምራቁ ባራሰው ጣት አስተኝቶ፣ በዚያው እጅ ሰው ይጨብጣል። መምህርቷ ይህን ባየች ቁጥር እጇን ወደ ኋላዋ ትደብቅ ነበር፤ ነገር ግን ታላቅ ወንድም ነውና ችላ ኖራለች።

ለአዳራሹ አዲስ ወለል የተፈቀደ ጊዜ የወለል ኮሚቴው በርእሰ መምህሩ ቢሮ ተሰበሰበ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ናሙናዎች ቀርበዋል፤ አንደኛው በቫርኒሽ የተወለወለ ጣውላ፣ ሁለተኛው ከሥሩ ስፖንጅ የተለበደበት አረንጓዴ ሰው ሠራሽ ወለል። ርእሰ መምህሩ ጣውላውን አንሥቶ ወደ ብርሃን አዘነበለና ጥርሱን አየበት።

«ይሄ ነው ወለል ማለት!» አለ። «ያኛው ምንድን ነው? የወጥ ቤት ጠረጴዛ ልባስ! እንግዶች ጠርቼ ጎማ ላይ ቆሜ ንግግር ላድርግ?»

«ጋሼ፣ እኔም እንጨቱን እወደዋለሁ» አለች መምህርቷ። «ጣውላ ከሥሩ የሞራሌ እንጨት ተደርድሮለት ከተነጠፈ ሲዘሉበት ዝቅ ብሎ ይመለሳል፤ ለጉልበት ከሱ የሚሻል የለም። ግን የአዳራሹ ግድግዳ ከመታጠቢያ ክፍሉ ጋር አንድ ነው፤ ቧንቧው ያፈሳል። ሲሚንቶው ውሃ ከያዘ ጣውላው ከሥር ይበሰብሳል። ወይ ቧንቧው ተጠግኖ ወለሉ እስኪደርቅ እንጠብቅ፣ ወይ ሰው ሠራሹን እናንጥፍ። እሱ እርጥበት ይችላል፤ ስፖንጁም ልጆቹን አይጎዳም።»

«መጠበቅ የሚባል ነገር የለም! የበላይ አለቃችን ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ለምረቃ ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ሹመት ሲሰጡኝ እኔ የት እንደምቀመጥ ታውቂያለሽ።»

«አንተ የትም ተቀመጥ ጋሼ፤ እኔ የማወራው ልጆቹ የት እንደሚወድቁ ነው።»

ጠቡን ያበረደው ወለሉን ሊሠራ የተጠራው አናጢ ነበር። ወደ አዳራሹ ይዟቸው ሄደና ግልጽ ላስቲክ ሲሚንቶው ላይ ዘርግቶ ጠርዙን ዙሪያውን በፕላስተር ለጠፈው። «አሁን እንተወው» አለ። «ነገ ላስቲኩ በውስጥ በኩል ካላበ ሲሚንቶው ውሃ አለው፤ እንጨት አይነጠፍም። ደረቅ ከሆነ ግን ሥራ እጀምራለሁ።» በዚህ ሁሉም ተስማሙ፤ ርእሰ መምህሩም ተስማማ።

በማግስቱ መምህርቷ ተማሪ ሳይገባ ደረሰች። የአዳራሹ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ወንድሟ ኮቱን አውልቆ በጉልበቱ ተንበርክኳል፤ የላስቲኩን አንድ ጎን ገልጦ ውስጡን በጨርቅ ይጠርጋል። ውሃው ጠብ ጠብ ይል ነበር። ጨርቁ ደግሞ ጨርቅ አልነበረም፤ ልጆቹ አጥበው ያሰጡት የቡድኑ ማሊያ ነበር።

«ጋሼ!»

«ወይኔ! ምን ሆነሽ ነው ሰው ላይ እንዲህ የምትጮኺው?»

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አቧራ ነበረው።»

«በውስጥ በኩል?»

«እንፋሎት ነው እባክሽ፤ የሰው ትንፋሽ።»

«የማን ትንፋሽ? ላስቲኩ ሥር ሰው ተኝቶ አድሯል?»

ርእሰ መምህሩ ፕላስተሩን መልሶ እየለጠፈ በአውራ ጣቱ አሻሸው። ፊቱ ላይ እፍረት ይፈለግ እንደሆነ አልተገኘም። «ስሚኝ እህቴ» አለ፤ ድምፁን ማር ቀባው፤ «ወንድምሽ ከፍ ሲል አንቺስ እዚሁ የምትቀሪ ይመስልሻል? ልጃችንስ? ይልቅ ያንን ማሊያ ማስጫው ላይ መልሺልኝ።»

መምህርቷ ማሊያውን አልነካችም። ራሱ ተነሥቶ፣ ጭቃ የቀላቀለውን ማሊያ ጨምቆ ገመዱ ላይ ሰቀለውና እጁን በሱሪው ጠረገ።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ ላስቲኩ ደርቆ ተገኘ። መምህርቷ ሁሉም ባሉበት፣ «ጠርጎት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ላስቲኩ እንደገና ይለጠፍና እዚሁ ቁጭ ብለን እንጠብቅ» አለች። ርእሰ መምህሩ ከት ብሎ ሳቀ።

«ምን ላድርጋት? እህቴ ናት! ከልጅነታችን ጀምሮ እንደ ከሰሰችኝ ነው። ‹እማዬ፣ ጋሼ ስኳር ላሰ› እያለች ስንቴ አስገርፋኛለች መሰላችሁ!»

ኮሚቴው አብሮ ሳቀ። በአለቃ ቀልድ የሚሳቅ ሳቅ ምን ዓይነት እንደሆነ የሰማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጥርስ እንጂ ሆድ የለውም። አናጢው የፕላስተሩን ጠርዝ ነካ አደረገ፤ መነሣቱ ገብቶታል። «እናንተ ደረቅ ነው ካላችሁ ለኔ ደረቅ ነው» አለና ሜትሩን ከኪሱ አወጣ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አምበሏ ልምምድ ልትገባ ማሊያዋን ለብሳ አፍንጫዋን ጨመደደች። «አክስቴ፣ ይሄ ልብስ ምን ምን ይላል? የሞተ አይጥ የነካው ይመስላል።»

«አውልቂው» አለች አክስቷ። ልብሱንም ራሷ ይዛ ወደ ማጠቢያው ሄደች። ማታ ሦስቱ አብረው በሚኖሩበት ቤት ገበታ ላይ ግን ወንድሟን፣ «ጨው ያቀብሉኝ» አለችው። ርእሰ መምህሩ ዙሪያውን ተመለከተ፤ እንግዳ የመጣ መስሎት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም፤ ጋሼ የሚለውም ቃል ከአፏ ጠፋ። እርሱ ግን ሹመቱ ሳይደርስ መከበር የጀመረ መሰለውና ደስ አለው።

ጣውላው ተነጠፈ፤ ቫርኒሹም ተቀባ። በእውነት ያምር ነበር። ርእሰ መምህሩ በየጠዋቱ በር ላይ ቆሞ መልኩን ከወለሉ ላይ ያያል፤ ከዚያም በሩን ይቆልፋል። እስኪመረቅ ድረስ ማንም፣ በካልሲም ቢሆን፣ እንዳይረግጠው አዘዘ። ልጃገረዶቹ በግቢው ጠጠር ላይ መውደቃቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ዝናቡ ገባ። የመታጠቢያው ቧንቧ ከውስጥ፣ የሰማዩ ውሃ ከውጭ ተባብረው በሲሚንቶውና በጣውላው መካከል ያለውን ክፍተት ሞሉት። ክፍሉ ተዘግቶ ነበርና ነፋስ አላገኘውም። አንድ ቀን አምበሏ በቁልፉ ቀዳዳ ልታጮልቅ ጎንበስ ብላ አፏን ይዛ ተመለሰች። መምህርቷ ከጽዳት ሠራተኛዋ ቁልፍ ተውሳ ከልጅቷ ጋር ገባች።

የተቀበላቸው አየር የሚተነፈስ ሳይሆን የሚዋጥ ነበር፤ የእርጥብ ውሻ፣ የቆየ ካልሲና የአበባ ማስቀመጫ ውሃ ጠረን ባንድነት ምላስ ላይ ይቀመጣል። ጣውላዎቹ ጠርዛቸው ተነሥቶ እንደ ደረቀ ቆዳ ተኮማትረዋል። በየስንጥቁ ነጭ ሻጋታ እንደ ጥጥ ፈትል ወጥቷል፤ ጥግ ላይ ሐመር የሆኑ እንጉዳዮች ጆሮ ጆሯቸውን ደቅነዋል። መምህርቷ አንዱን የጣውላ ጫፍ በጫማዋ ጫን ስትለው ከሥሩ ጥቁር ውሃ እንደ መግል ፊጭ አለ። አንድ ዛጎል የለሽ ቀንድ አውጣ በቫርኒሹ ላይ አዝግሞ፣ የተንጸባረቀ መልኩን እያየ ይመስል፣ መካከል ላይ ቆሟል።

«እሱስ አምሮበታል» አለች ልጅቷ፤ ከዚያም ወደ በሩ ሮጣ አስመለሳት።

መምህርቷ በቀጥታ ወደ ቢሮው ሄደች። «ሞራሌው በስብሷል፤ ምስማሩም ለቋል። በዚህ ላይ ሰው ከዘለለ እግሩ ይሰበራል» አለች። «እባክዎ ምረቃውን ያስቀሩ። ጥፋቱን በቧንቧው ያሳብቡ፤ እኔ አልቃወምም።»

«አዲስ እንጨት እንዲህ ነው የሚሸተው» አለ ርእሰ መምህሩ።

«እንጉዳይስ ያበቅላል?»

«ሴትዮ፣ አንቺ ያልሸተተውን ካላሸተትሽ እንቅልፍ አይወስድሽም!»

በሚቀጥሉት ቀናት ስንጥቁ በሰም ተደፈነ፤ እንጉዳዩ ተነቀለ፤ የተነሣው ጠርዝ ተሞርዶ አዲስ ቫርኒሽ ተደረበበት። የቀረውን ርእሰ መምህሩ በእጁ ጨረሰው፤ የብርቱካን ሽቶ በየጥጉ ሲረጭ ዋለ። ውጤቱ ከፊተኛው የከፋ ሆነ፤ ግማቱ አልጠፋም፤ ጣፋጭ ሆነ እንጂ።

የምረቃው ቀን እንግዶች በወንበር ተደረደሩ። የበላይ አለቃው መሐረባቸውን ካፍንጫቸው ሳያነሡ የርእሰ መምህሩን ንግግር አዳመጡ። ንግግሩ ስለ ወጣቶች ጤና ነበር፤ ተናጋሪው ግን ከአድማጮቹ ይልቅ ወደ ወለሉ ሲያይ ዋለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመጨረሻም የመክፈቻ ጨዋታው እንዲጀመር ተነገረ። ልጃገረዶቹ በወለሉ ዳር ተሰልፈዋል፤ አምበሏ ከፊት ናት። ዳኛዋ መምህርቷ ነበረች፤ ፊሽካውም በእጇ ነው። ፊሽካው ሳይነፋ ማንም ወደ ሜዳው አይገባም፤ ልጆቹን ያስተማረቻቸው እርሷ ናት፤ በዚህ ሥርዓት አይቀልዱም።

መምህርቷ ፊሽካውን ወደ አፏ አላደረሰችም።

«ንፊው እንጂ!» አለ ርእሰ መምህሩ በጥርሱ መካከል፤ ለእንግዶቹ ፈገግ እንዳለ ነው።

«አልነፋም።»

«ታሰድቢኛለሽ?»

«የልጅዎን ጉልበት አስቀድሜ ነው።»

ወደ ልጁ ዞረ። «አንቺ ግቢ! የኔ ልጅ ነሽ፤ ዝለይና አሳያቸው!»

ልጅቷ ወደ አክስቷ እጅ አየች፤ ከዚያ ወደ አባቷ። «አባዬ፣ ፊሽካ አልተነፋም» አለች ቀስ ብላ፤ ከመስመሩም አልተንቀሳቀሰችም።

የበላይ አለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ርእሰ መምህሩ ፊቱ ደም መሰለ። «ሴቶች መቼም ፍርሃት አያጣቸውም!» ብሎ ሳቀና ኳሷን ከልጁ እጅ ነጠቀ። «የመጀመሪያዋን ኳስ እኔ ራሴ እመታታለሁ!» በተወለወለ ጫማው ወደ መረቡ ተንደረደረ፤ ኮቱ እንደ ክንፍ ተገለጠ፤ ዘለለ።

ሲያርፍ ጣውላው የመሰንጠቅ ድምፅ እንኳ አላሰማም፤ እንደ እርጥብ ዳቦ ብቻ ሰመጠ። ምስማር የለቀቀው ጫፍ ወደ ታች ሲወርድ ሌላው ጫፍ ወደ ላይ ተነሣ፤ የሰውዬው እግር እስከ ጭኑ ገባ። ለወራት የተጠራቀመው ጥቁር ውሃ ወደ ላይ ተፈናጥሮ ፊቱንና የፊተኛውን ረድፍ እንግዶች አለበሳቸው። ከሥር የወጣው ግማት የብርቱካኑን ሽቶ በአንድ ትንፋሽ ዋጠው። እንግዶቹ ወንበር እየገለበጡ ወደ በሩ ተጋፉ፤ የበላይ አለቃውም በመስኮት ሊወጡ ሲሉ ተይዘው በበር ተወሰዱ።

ርእሰ መምህሩ በመጀመሪያ አልጮኸም። ከአጠገቡ ባለው፣ ገና በሚያብረቀርቀው ጣውላ ላይ ፊቱን አየ፤ አተላ ቅንድቡ ላይ ይንጠባጠባል። «የምጠርግበት ነገር ስጡኝ!» አለ። የሚሰጠው አልተገኘም። ሥቃዩ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

እጁን የያዘችለት ልጁ ነበረች። አናጢው መጋዝ አምጥቶ ጣውላውን ዙሪያውን እስኪቆርጥ ድረስ አልለቀቀችውም፤ ፊቷን ግን ወደ ሌላ አዙራ ነበር፤ ከሐዘን ይሁን ከጠረኑ ራሷም አታውቀውም።

ጉዳዩን ያጣራው ጉባኤ መምህርቷን፣ አናጢውንና ኮሚቴውን ጠየቀ፤ አናጢውም ፕላስተሩ ተነሥቶ እንደነበር አመነ። ጣውላው ተነቅሎ ተጣለ፤ ቧንቧው ተጠገነ፤ ሲሚንቶው ሲደርቅ አረንጓዴው ሰው ሠራሽ ወለል ተነጠፈ። አምበሏ ያለ ከዘራ ትጫወትበታለች።

ርእሰ መምህሩ ከሥልጣኑ ተሻረ። የጉልበቱ አጥንት በሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበርና አልታጠፍ ብሎ ቀረ፤ በከዘራ ይሄዳል። የተመደበበት ሥራ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የምድር ቤት መጋዘን ጥበቃ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ወለሉም ሲሚንቶ ነው።