አምስት ድል ያለ መምህር ፈንታ

እኛ ሉማሜዎች ስንሸነፍ ጥፋተኛ እንፈልጋለን፤ ስናሸንፍ ደግሞ ቀድሞ ለተሸነፍነው ጥፋተኛ እንፈልጋለን። ዘንድሮ ቡድናችን ጮራ ማሸነፍ ሲጀምር ከሰው ሁሉ በፊት መፍራት የነበረበት መምህር ፈንታ ነው። እሱ ግን ደስ አለው። እንዲህ ያለ የዋህነት ያበሽቀኛል።

መምህር ፈንታ የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ጮራን ያለ ደመወዝ ዘጠኝ ዓመት አሰልጥኗል። በዘጠኙም ዓመት ቡድኑ ከምድቡ መጨረሻ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። አምና አባረርነው። የስንብት ደብዳቤውን የጻፈው ኮሚቴው ቢሆንም በየጨዋታው «ፈንታ ይውጣ» እያልን የጮህነው እኛ ደጋፊዎቹ ነን። ጩኸቱን የምጀምረው ደግሞ እኔ ነበርኩ። አበባው እባላለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ፤ ከመምህሩ ጋር የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ተማሪው ሳለሁ የትምህርት ቤቱን ቡድን ሲመርጥ፣ ሃምሳ ልጅ በተሰለፈበት «አበባው፣ አንተ ዳር ሆነህ ብታጨበጭብ ይሻልሃል» ብሎኛል። ልጆቹ ሳቁ። ሃያ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ሳቁ ግን አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። በሌለበት ግን አንቱታዬን አላባክንም።

በእሱ ቦታ ታዲዮስ የሚባል ወጣት አሰልጣኝ ከደብረ ማርቆስ መጣ። መጀመሪያ ላይ እሱም አራት ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈ። ስሙን ለመጥራት ጉሮሯችንን እየጠራረግን ሳለ፣ ጥር ሲያልቅ ነገሩ ተገለበጠ። ድሮ ኳስ ስናጣ አሥራ አንዱም ሸሽተው ጎላችን ላይ ይከመሩ ነበር። አሁን ኳሷን ባጡበት ቦታ ሦስት አራት ሆነው ይከቡና ይነጥቃሉ። በረኛው ወደ ሰማይ መለጋቱን ትቶ ለተከላካዩ ያቀብላል፤ ተከላካዩ ለአማካዩ፤ እንዲህ እየተባለ ኳሷ ሳትነጠቅ ተቃራኒው ጎል ትደርሳለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን አምስት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍን።

ከጨዋታ በኋላ የምንሰበሰበው ሥራነሽ ሻይ ቤት ነው። ትናንት «ለምን ወደ ኋላ ያቀብላል» ብሎ ጫማውን ሜዳ የወረወረው ሁሉ ዛሬ አሰላለፍ አስተማሪ ሆነ። «ዘመኑ የፕሬሲንግ ነው» ይላል አንዱ። «ሳይቀድሙህ መቅደም ነው» ይላል ሌላው። ሥራነሽ ብርጭቆ እየሰበሰበች «ባለፈው ሳምንት ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ እኔን የጠየቃችሁ እናንተ አይደላችሁም?» ብላ ታልፈናለች። ደስታችን ግን ልክ አልነበረውም። ሰው እርስ በርሱ ሻይ ይጋበዛል፤ የተኳረፈ ይታረቃል።

በስድስተኛው ጨዋታ ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን። ያውም ከዲማ በመጣ፣ ሙሉ ማሊያ እንኳ በሌለው ቡድን።

የዚያን ዕለት ሻይ ቤት ማንም ማንንም አልጋበዘም። የደጋፊዎቹ መሪ ደመላሽ ነው፤ መናኸሪያው ውስጥ ተራ አስከባሪ ስለሆነ ሰውን ማሰለፍ ያውቅበታል። «እስቲ ረጋ ብለን እናስብ» አለ። «ዛሬ ምን አዲስ ነገር ነበር?»

እንዳላማው የሚባለው የቀኝ መስመር ተጫዋቻችን በአሥረኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጥቷል። አዲሱ ነገር ይኸው ነበር። ማንም አላነሣውም። እኔም አላነሣሁትም።

«መምህር ፈንታ መጥቶ ነበር» አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። መምህሩ የጥር ሚካኤል ታቦት ሲገባ በግፊያ ወድቆ ጭኑ ተሰብሮ ነበር። አምስቱን ጨዋታ ያሸነፍነው እሱ አልጋ ላይ እያለ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በክራንች ተደግፎ ሜዳ የመጣው በዚያ ዕለት ነው። ደመላሽ በጣቱ ቆጠረ። ከዘጠኙ ዓመት ጀምሮ፣ መምህሩ ዳር ቆሞ ያያቸውን የታዲዮስን አራት ሽንፈቶች ጨምሮ ቆጠረ። መምህሩ ያለበት ሁሉ ሽንፈት፣ የሌለበት ሁሉ ድል።

«ገደ ቢስ ነው እኮ» አልኩ። ቃሏን ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይጠየቅባት። እስኪመሽ ድረስ ሰፈሩን አዳርሳዋለች።

እኔ ግን የማውቀው ሌላ ነገር ነበር። ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ታዲዮስ መምህሩ ግቢ ይመጣል። ምሥራቅ፣ የመምህሩ ሚስት፣ አልጋውን ፀሐይ ላይ ታወጣለታለች። መምህሩ ሰፌድ ደረቱ ላይ አስደግፎ ባቄላና ሽምብራ ይደረድራል፤ ባቄላው እኛ፣ ሽምብራው ተጋጣሚያችን። «ይኼ ወደፊት ሲጫን ይኼኛው ብቻውን አይቅር፤ አብሮት ይውጣ» ይላል። እኔ አጥሬ ሥር ቁጭ ብዬ ቁልፍ እየተከልኩ ሁሉንም እሰማለሁ። እሑድ ሜዳ ላይ የማየው ያንኑ ነው። ጮራን የቀየረው አልጋ ላይ የተኛው ሰው ነበር።

አንድ ቀን ታዲዮስ ሲወጣ አጥሩ ላይ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ደጃፌ ድረስ መጥቶ ለመነኝ። «የሚያማክረኝ እሱ መሆኑን ደጋፊው ካወቀ አንድ ቀን አያሳድረኝም» አለ። ከአጥሩ ማዶ መምህሩ «ለአበባው ተወው፣ ክፉ ልጅ አይደለም» አለና ቀጠለ። «እኔ ስሜ እንዲጠራ አልፈልግም። ሲሠራ አንድ ጊዜ በዓይኔ ባይ ይበቃኛል።»

ይህን አጨዋወት እሱ ራሱ አሰልጣኝ ሳለ ሞክሮት ነበር። አምና፣ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ። ገና በሃያኛው ደቂቃ አንድ ጎል ሲገባብን እየጮህን አስተውነዋል። ስለዚህ ሲሠራ አላየውም። አምስቱን ድል በጩኸት ብቻ ነው የሰማው፤ ስድስተኛውን በቀይ ካርድ አጣው። የቀረው አንድ ጨዋታ ነበር፣ ከይጁቤ ጋር። ያሸነፈ ወደ ላይኛው ሊግ ያልፋል።

«ሽማግሌ እንላክበት» አለ ደመላሽ።

መሪጌታ አካለ ወልድን ለመንን። ዲማ ተምረው የመጡ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። «ገድ የሚባል ነገር እኔ አላውቅም፤ ይኼ ባዕድ አምልኮ ነው» ብለው ተቆጡ። ደመላሽ ግን ዝግጁ ነበር። «አባታችን፣ ወጣቱ ሜዳ ላይ ካገኛቸው በድንጋይ ይመታቸዋል። እኛ የምናስበው ለደኅንነታቸው ነው» አላቸው። ለደኅንነቱ ሲባል እሺ አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነን ሄድን፤ መሪጌታ፣ ደመላሽና እኔ። እንደምንመጣ ሰምተዋል። ምሥራቅ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፋለች፤ ጠላው ተጠልቋል። መምህሩ ከጋቢው ሥር ሰማያዊ ቱታውን እስከ አንገቱ ቆልፎ ለብሷል። ክራንቹን ይዞ ሊነሣ ታገለ።

«ኧረ ኖር፣ ግቡ፣ ተቀመጡ።»

መሪጌታ በሩ ላይ ቆሙ። «መምህር፣ ተልከን ነው የመጣነው። የመጣንበትን ካልሰጡን አንቀመጥም።»

ወጉ የታወቀ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን ባለቤቱ «እስቲ መጀመሪያ ጉዳያችሁን ልስማ» ይላል፣ ይከራከራል፣ ይግደረደራል። መምህሩ አልተግደረደረም። ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ ነበር። ልናመሰግነው፣ ምናልባትም ከታዲዮስ ጎን ልናስቀምጠው የመጣን መስሎታል። ካልሆነማ ለአንድ ጡረተኛ መሪጌታን የሚያህል ሰው ለምን ይላካል?

«ታዲዮስ ነገራችሁ ማለት ነው?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምኑን?» አለ ደመላሽ።

መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። እንደማውቅ ያውቃል። አንድ ቃል ብተነፍስ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያበቃ ነበር። እኔ የጣሪያውን ማገር ቆጠርኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ልቤ ውስጥ የነበረው ደስታ ነው።

«ምንም» አለ መምህሩ። ለታዲዮስ የገባውን ቃል እሱ አያፈርስም። «እናንተን አቁሜ ምን እከራከራለሁ። የመጣችሁበትን ሰጥቻለሁ። በመሪጌታ ፊት ቃሌ ነው። ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። ምሥራቅ ቀዳችልን። መሪጌታ ስለ ሰላም፣ ስለ ወጣት ደም መፍላት ከሩቅ ጀመሩ። ደመላሽ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ባጭሩ፣ የይጁቤው ጨዋታ ዕለት ሜዳ እንዳይመጡ ነው። አካባቢውም እንዳይደርሱ።»

የምሥራቅ እጅ ማንቆርቆሪያው ላይ ቀረ። «ምን አድርጎ?» አለች።

«ኧረ እሳቸው ምንም አላደረጉ። ሲመጡ እንሸነፋለን፣ ሲቀሩ እናሸንፋለን። የገድ ነገር ነው፤ ማን ምን ያደርገዋል።»

መምህሩ አንዴ ደመላሽን፣ አንዴ እኔን አየ። «እኔ በገድ አላምንም» አለ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆቹን በዚህ አትመኑ ስል ነው የኖርኩት። የዲማው ዕለት እኮ እንዳላማው በቀይ ወጥቶብን ነው።»

«ቃል ሰጥተዋል፣ መምህር» አለ ደመላሽ።

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። «ቃልዎ ባይወጣ ኖሮ እኔም አብሬዎት እከራከር ነበር» አሉ።

«ወጥቷል» አለ መምህሩ። ቀጥሎም «አንድ ጊዜ ባየው ብዬ ነበር» አለ፤ ለማን እንደሆነ አላወቅንም። ደመላሽ ብርጭቆውን ዘረጋ። እንግዳ ነውና ምሥራቅ ደገመችለት።

ከዚያ በኋላ ታዲዮስ መምህሩ ግቢ አልታየም። ገደ ቢስ ቤት ሲገባ መታየት አይፈልግም። እሱ በገድ ያምናል ማለቴ አይደለም፤ እንጀራው ግን በሚያምኑት እጅ ነው።

የይጁቤው ጨዋታ ዕለት ሜዳው ዙሪያውን በሰው ተከበበ። ከመጀመራችን በፊት ደመላሽ እየዞረ መምህሩ አለመኖሩን አረጋገጠ። ከዕረፍት በፊት ጎል አልተገኘም። ይጁቤዎች ግዙፎች ናቸው፤ ግራ ተከላካያቸው፣ የቀይ ካርድ ቅጣቱ በይግባኝ የተነሣለትን እንዳላማውን መስመሩ ላይ ቸንክሮ ያዘው። ከዕረፍት ሲመለሱ እንዳላማው መስመሩን ትቶ ወደ መሀል ገባ። እኔ ይህን ከሁለት ሰኞ በፊት በአጥሩ ሰምቼዋለሁ። «ወደ መሀል አስገባው፤ ተከላካያቸው እልኸኛ ስለሆነ ይከተለዋል፤ ቦታውን ሲለቅ በዚያ በኩል ኳሷን አሳልፉ» ብሎት ነበር፣ መምህሩ ታዲዮስን። ተከላካዩ ተከተለው። ቦታው ተለቀቀ። ኳሷ በዚያው አለፈች፣ አጥቂያችን ብቻውን ከበረኛው ጋር ተገናኘ፣ አገባ።

ሰው አበደ። የማላውቀውን ሰው አቅፌ ዘለልኩ፤ እንባዬ መጣ። ቆንጆ ጎል ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጎል አላየሁም። አንድ ለዜሮ አለቀ። ታዲዮስን ተሸክመን ከተማውን ዞርን። ደመላሽ አንገቱን አቅፎ «ጭንቅላት ማለት ይኼ ነው» አለው። ታዲዮስ ሳቀ፣ አመሰገነ፣ ሌላ ምንም አልተናገረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ የደብረ ማርቆስ መኪና ተሳፍሮ ሄደ፤ እዚያ ትልቅ ቡድን እየጠበቀው ነው አሉ።

ቤቴ ስደርስ መምህሩ አጥሩን ይዞ ቆሟል። ጩኸቱን ሰምቷል፤ ማሸነፋችንን ያውቃል።

«አበባው፣ እንኳን ደስ አለን» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ከዕረፍት በኋላ እንዳላማው ወደ መሀል ገባ?»

ሌላ የሚነግረው ሰው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ኧረ አልገባም» አልኩት። «መስመሩን ይዞ ዋለ።»

«ጎሉስ? እንዴት ገባ?»

«በረኛቸው ነው። ቀላል ኳስ ከእጁ አመለጠችው።»

«ከፊት መጫኑስ? ኳስ ሲያጡ እዚያው መንጠቁ?»

«እንደ ድሮው ነው የተጫወቱት፣ መምህር። ዝም ብሎ ዕድል ነው። ዛሬ እኮ ብንተኛም እናሸንፍ ነበር።»

እጁ ከቆርቆሮው ላይ ወረደ። የሚከራከረኝ መስሎኝ ሌላ ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ አላስፈለገኝም።

«እንግዲያው ልክ ናችሁ» አለ። «ዘጠኙን ዓመት ሙሉ እኔው ነበርኩ ማለት ነው።»

«ምን ይደረግ እንግዲህ፣ ፈልገው አላመጡት» አልኩትና ወደ ቤቴ ገባሁ።