ነጩ ቅባት

ሀብተማርያም አገር ቤት ሳለ ስመ ጥር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ዮርዳኖስ አገር፣ አማን ከተማ ውስጥ ግን ደረጃ ከማጠብ ሌላ ማን ሥራ ሰጠው! ከሚስቱ ከስንዱ ጋር ጀበል አማን ከሚባለው ሰፈር ቁልቁለት ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ።

ልጃቸው ቤዛዊት አገር ቤት ከአያቷ ጋር ከቀረች አራት ዓመት ሆናት። ጦርነቱ ስልኩን ካቋረጠ ደግሞ ስምንት ወር ሆነ። ልጅቷ ካለችበት ከተማ የሚደርሳቸው ድምፅ አንድ ብቻ ነው፤ የድሮ ባልደረባው ሶፎንያስ ዓርብ ዓርብ ጠዋት በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ይጠራዋል። ሀብተማርያም ጥርት አድርጎ ይሰማዋል። የእሱ ትንሽ ማሰራጫ ግን እዚያ የምትደርሰው ተዝለፍልፋ ነው።

"ጫጫታ እንጂ ቃል አይለይልኝም፤ ጉልበት ጨምርበት" አለው ሶፎንያስ። "የዛሬ ወር ልጅቷን ሬዲዮው ዘንድ አመጣታለሁ።"

ጉልበት ከየት ይምጣ? ከቆሻሻ ነዋ! መሐል አማን ካሉ አሮጌ ዕቃ ሻጮች የታክሲ ሬዲዮ አግኝቶ ለማሰራጫዋ ጉልበት የሚጨምረውን ትራንዚስተር ፈታ። ስንዱ ረቢየህ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት የተጣለ የልብስ ማጠቢያ ሞተር አመጣችለትና የመዳብ ሽቦውን ጠመጠመ። ትራንዚስተሩ አንድ ለእናቱ ነው፤ ሲሠራ ደግሞ ይፋጃል። ስልክ ጠጋኙ አብዱረዛቅ ካለችው ላይ ነጭ ቅባት ቆንጥሮ ሰጠው።

"ከሥሩ ቀባው፤ ሙቀቱን ወደ አሉሚኒየሙ የሚያሻግረው እሱ ነው። ወላህ፣ ያለሱ አንድ ደቂቃ አይቆይም" አለው።

ሀብተማርያም ቀብቶ አሉሚኒየሙ ላይ በብሎን አጠበቀውና ከማሰራጫዋ ጋር አገናኘው። የቅባቱን ነገር ለስንዱ አልነገራትም፤ ምን ብሎ ይነግራታል? እሷ እንደሆነች ማዳሞቹ የሚሻሟት፣ የምድጃ በር ሳይቀር ብሎኑን ፈትታ ከሥሩ የምታጸዳ ሴት ናት።

በተቀጠረው ዓርብ ጠዋት ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ያብለጨልጫል።

"ዛሬስ አምሮበታል" አለ። ስንዱ ፈገግ አለች።

አራት ሰዓት ላይ የሶፎንያስ ድምፅ መጣ። "ሀብቴ፣ ቤዛ አጠገቤ ናት። አያቷ ከአልጋ መነሳት አቅቷቸዋል። ነገ በእግር ወደ ድንበር የሚወጡ ሰዎች አሉ፤ መንገዱ ላይ ግን ይተኮሳል። ትሂድ ወይስ ትቆይ? እናንተ ወስኑ።"

"ትቆይ በለው!" ስንዱ ጮኸች። "ፈጥነህ በለው!"

ሀብተማርያም ቁልፉን ተጫነ። "ሶፎንያስ፣ ስማኝ—"

ጧ! አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ትራንዚስተሩ ሲሞት ትንሿንም ማሰራጫ ይዟት ሄደ። መቀበያው ብቻ ቀረ።

"ሀብቴ? ጀመርክና ጠፋህ" አለ ሶፎንያስ። "እባክህ መልስ። ዝም ካልክ ፈቅደሃል ብዬ እወስደዋለሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ?"

ከዚያ የልጅቷ ድምፅ መጣ። "እማዬ፣ ልብሴን ጠቅልያለሁ።"

ሀብተማርያም ጣቱ እየተቃጠለ ብሎኑን ፈታ። ከሥሩ የቅባት ዘር የለም። ብረቱ ልብስ የወለወለው ይመስላል፤ በረኪና በረኪና ይሸታል። ደሙ ፈላ። የስንዱን አንገት ቢያንቅ በወደደ።

"ምን ጎደለው?" አለች ስንዱ እያለቀሰች። "ትናንት ፈትቼ ከሥሩ የተለቀለቀውን ሁሉ ጠርጌልህ ነበር እኮ! ንጹሕ ሆኖ እንዲሠራልህ ብዬ!"

የታጠቡ፣ የተሰነጣጠቁ እጆቿን አየ። ቁጣው የትም ሳይደርስ ከዳው።

"ምንም አልጎደለውም" አላት። "አሮጌ ዕቃ ነው።"

"እሺ፣ ሀብቴ" አለ ሶፎንያስ። "ነገ ማለዳ ወደ ድንበር ትነሳለች።"